ቪዥዋል ነው፣ ቪዝብል ግን አይደለም

ባለፈው የማስተማር ልምምድ ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ ወደሚገኝ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ስንሄድ የሰውን ዓይን ክፍሎች የሚያሳይ ቻርት ይዘን ነበር። ሁለት ሌሊት ያመሸንበት ሥራ ነው። ብሌኑ በጥቁር፣ ነርቩ በቢጫ፣ የየክፍሉ ስም ደግሞ በቀጭን ብዕር። በትምህርት ዕቅዳችን የመርጃ መሣሪያ ረድፍ ላይ «ቪዝብል ኤይድ» ብለን ጽፈናል። ቻርቱን ሰቅለን ገና አፋችንን ስንከፍት ከኋላ ወንበር «ቲቸር፣ አይታይም!» የሚል ድምፅ መጣ። የዓይን ትምህርት ነው እንግዲህ!

ተቆጣጣሪ መምህራችን ዕቅዱን ሲመልሱልን «ቪዝብል»ን በቀይ ሰርዘው «ቪዥዋል» ብለዋል። ከሥሩም «ቪዝብልማ ቢሆን ምን ነበረበት!» የሚል አክለውበታል።

ውድ ዕጩ መምህራን፣ ሁለቱን ቃላት የምናምታታው ያለ ምክንያት አይደለም። አማርኛችን ብዙ ጊዜ ለሁለቱም «የሚታይ» ይበቃዋል። ቃላቱም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፤ ማየት ከሚል የላቲን ግሥ የወጡ፣ የ«ቴሌቪዥን» ዘመዶች። ልዩነቱ ያለው ጅራታቸው ላይ ነው። «ናሽናል ቴአትር» ስንል የአገር የሆነ ማለታችን እንደሆነ ሁሉ፣ «ቪዥዋል»ም የማየት የሆነ፣ ለዓይን የተሠራ ማለት ነው። ወገኑን ይነግረናል። «ፖርተብል ሬዲዮ» ደግሞ ተይዞ ሊዞር የሚችል ሬዲዮ ነው፤ «ቪዝብል»ም እንደዚሁ ሊታይ የሚችል ማለት ነው።

ሰማዩ ጠርቶ ሲውል ከኮልፌ ከፍታ ላይ ሆነን ወደ ምዕራብ ብንመለከት ወጨጫ ተራራ ቪዝብል ነው። የሐምሌ ጉም ሲሸፍነው ኢንቪዝብል ይሆናል፤ ተራራው ግን የትም አልሄደም። ቪዥዋል ተራራ የሚባል ነገር የለም። በአንጻሩ በየአብያተ ክርስቲያናቱ የመቅደስ ግድግዳ ላይ የተሣለውን ሥዕል ብዙ ጊዜ መጋረጃ ይሸፍነዋል። መጋረጃው እስኪገለጥ ሥዕሉ ቪዝብል አይደለም፤ የቪዥዋል አርት ሥራ መሆኑን ግን መጋረጃ አይወስድበትም። በ1953 ዓ.ም. በተመረቀው በአፍሪካ አዳራሽ የሚገኘው የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕልም 150 ካሬ ሜትር ያህል ስፋት ይዞ፣ ከጀርባው ብርሃን ካጣ ቀለሙ ይጠፋል። እንግዲህ ቪዝብልነት በብርሃን፣ በርቀትና በግርዶሽ ይለዋወጣል።

ስሕተቱ የሚከፋው ስለ ሰው ስንጽፍ ነው። «ቪዥዋሊ ኢምፔርድ» የማየት ችግር ያለበት ማለት ነው። አንዳችን በተማሪዎች መግለጫ ላይ «ኢንቪዝብል ተማሪ» ብሎ ጽፎ ተገኝቷል። የማያየውን ልጅ የማይታይ አደረገው! እዚህ ላይ አማርኛችን ራሱ ይለያቸው ነበር እኮ፤ ብናዳምጠው።

ወደ ቻርታችን እንመለስ። የኔዘርላንዱ ሐኪም ስኔለን እ.ኤ.አ. በ1862 ባወጣው የዓይን መመርመሪያ ሰሌዳ ስሌት፣ ጤነኛ ዓይን ከ6 ሜትር ርቀት ለይቶ የሚያነበው ፊደል ቁመቱ 9 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የእኛ ክፍል የመጨረሻ ወንበር ከሰሌዳው 9 ሜትር ያህል ይርቃል፤ ስለዚህ ቢያንስ 13 ሚሊ ሜትር ይፈልጋል። የጻፍነው በ5 ሚሊ ሜትር ነበር! ያውም 13ቱ ዓይንን አስጨንቆ ለማንበብ ነው፤ የእኛ ፊደል ደግሞ «በ»ን ከ«ቡ» የሚለያት አንዲት ቅጥያ ናትና ከዚያም በላይ መስፋት አለበት።

ስሞቹን ከአሥራ አንድ ወደ ስድስት ቀንሰን፣ በ4 ሳንቲ ሜትር ፊደል በወፍራም ብዕር እንደገና ጻፍን። ተማሪዎቹ ሳይገቡ ኋላ ወንበር ድረስ ሄደን ተቀምጠን አየነው። በማግሥቱ ያው ልጅ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ አሁን ይታያል። ግን ሬቲና ነው እንጂ ሬቴና ነው እንዴ?»