የሕዋስ ረኃብ

በአማርኛችን «አቅም አነሰው»፣ «ጉልበቱ ከዳው»፣ «ሰውነቱ ዛለ» እያልን በየዕለቱ እንናገራለን። ነገር ግን ይህ አቅም የሚባለው ነገር በሰውነት ውስጥ የት እንደሚሠራና ሲጐድልም አስቀድሞ የሚጐዳው የትኛው ክፍል እንደ ሆነ ብንጠየቅ፣ በተለይ እኛ የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች፣ መልሱን ለሕክምና ተማሪዎች ትተን እናልፋለን። ሆኖም ጉዳዩ የእነርሱ ብቻ አይደለም። በሰው ላይ «ሰነፍ ነው» ብለን የምንፈርደው ሁላችንም ስለ ሆንን፣ ከመፍረዳችን በፊት ሰውነት ኃይል ሲያጥረው ምን እንደሚደርስበት ማወቅ ይገባናል። ይህን አጭር ጽሑፍ ለጓደኞቻችን ለማቅረብ ያነሣሣንም ይኸው ነው።

፩. ምግብና ኃይል አንድ አይደሉም

እንደሚታወቀው ሰውነታችን የተሠራው ሕዋሳት ከሚባሉ፣ በዓይን ከማይታዩ ጥቃቅን ክፍሎች ነው። የበላነው እንጀራ ወደ ስኳርነት ተለውጦ በደም አማካይነት ወደ እነዚህ ሕዋሳት ይደርሳል። ይሁን እንጂ ሕዋሱ ስኳሩን እንዲሁ ለሥራው ሊያውለው አይችልም። ጤፍ በጐተራ የሞላው ቤተሰብ፣ ጤፉ ተፈጭቶና ተቦክቶ በምጣድ ካልተጋገረ ራት እንደማይበላ ሁሉ፣ ሕዋሱም ስኳሩን ኤ.ቲ.ፒ. ወደሚባለው ነገር መለወጥ አለበት። ይህን ነገር በ1929 እ.ኤ.አ. ያገኘው ካርል ሎማን የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ ነው። ምጣዱ ደግሞ ማይቶኮንድሪያ የሚባለው የሕዋስ ክፍል ሲሆን፣ እሳቱ የሚነደው ከሳንባ በሚመጣው ኦክሲጅን ነው።

የምጣዱ ጥቅም ምን ያህል እንደ ሆነ ቁጥሩ ይነግረናል። አንድ የግሉኮስ ሞለኪውል ያለ ኦክሲጅን ሲፈርስ የሚያስገኘው ትርፍ 2 ኤ.ቲ.ፒ. ብቻ ነው፤ በማይቶኮንድሪያ ውስጥ እስከ መጨረሻው ሲቃጠል ግን 30 ያህል ይሰጣል። ከዚህም በላይ ኤ.ቲ.ፒ. እንደ ጤፍ ለክፉ ቀን የሚከማች ነገር አይደለም። በአንድ ጊዜ በሰውነት ውስጥ የሚገኘው ከሩብ ኪሎ ባይበልጥም፣ በአንድ ቀን ውስጥ እየፈረሰና እንደገና እየተሠራ የሚያልፈው ግን የሰውየውን ክብደት ያህላል። ስለዚህ ጋገራው ለጥቂት ጊዜ እንኳ ቢቋረጥ ጉዳቱ ወዲያው ይታያል።

፪. ኃይል ሲያልቅ

የንስ ስኩ የተባለ ዴንማርካዊ ሊቅ በ1957 እ.ኤ.አ. እንዳስረዳው፣ በእያንዳንዱ ሕዋስ ቆዳ ላይ ያለማቋረጥ የሚሠራ ፓምፕ አለ። ፓምፑ በአንድ ኤ.ቲ.ፒ. 3 ሶዲየም ወደ ውጭ እያስወጣ 2 ፖታሲየም ወደ ውስጥ ያስገባል። ኤ.ቲ.ፒ. ሲያልቅ ይህ ዘብ ሥራውን ያቆማል፤ ሶዲየም ወደ ውስጥ ይገባል፣ ውሃም ይከተለዋል፣ ሕዋሱ ያብጣል፤ እርዳታ ካልደረሰለትም በመጨረሻ ይፈነዳል።

ጡንቻም የሚያስደንቅ ጠባይ አለው። ኤ.ቲ.ፒ. የሚያስፈልገው ለመኮማተር ብቻ ሳይሆን ለመላላትም ጭምር ነው። የሞተ ሰው አካል ከጥቂት ሰዓት በኋላ የሚደርቀው በዚሁ ምክንያት ሲሆን፣ አስከሬን ሳይደርቅ እጅና እግሩን ለማስተካከል የሚቸኩል ሁሉ ሳያውቀው ይህንን የተፈጥሮ ሕግ ይጠብቃል።

፫. አስቀድሞ የሚወድቀው ማን ነው?

እጥረቱ በሁሉም ላይ ቢመጣም ሁሉም እኩል አይጐዱም። ዕረፍት የሌለው ሠራተኛ አስቀድሞ ይወድቃል። አንጎል ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ብቻ ሲሆን፣ በዕረፍት ጊዜ ሰውነት ከሚጠቀምበት ኦክሲጅን 20 በመቶ ያህሉን ይወስዳል። ደም ፈጽሞ ቢቋረጥበት በ10 ሴኮንድ አካባቢ ሰውየው ራሱን ይስታል፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላም የማይመለስ ጉዳት ይደርሳል። ልብ በቀን 100,000 ጊዜ ያህል ስለሚመታ «ነገ እሠራለሁ» ሊል አይችልም። ኩላሊትም በቀን 180 ሊትር ያህል አጣርቶ አብዛኛውን ወደ ደም ለመመለስ ብዙ ኃይል ያወጣል። የእግር ጡንቻ ግን ሥራውን ትቶ ሊያርፍ ስለሚችል ደም ቢቋረጥበት ከአንጎል ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ ይታገሣል። በዚህ መካከል ቀይ የደም ሕዋስ የራሱ ማይቶኮንድሪያ የለውም፤ ኦክሲጅኑን ተሸክሞ ለሌላው ያደርሳል እንጂ ለራሱ አይነካም።

፬. ጐተራው ሞልቶ ሌማቱ ባዶ ሲሆን

ሆድ እየጠገበ ሕዋስ ሊራብ እንደሚችል ከሁሉ አብልጦ ያስረዳን ቤሪቤሪ የሚባለው በሽታ ነው። ስሙ ከስሪላንካ የሲንሃላ ቋንቋ የመጣ ሲሆን «አልችልም፣ አልችልም» ማለት ነው ተብሎ ይተረጐማል። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ክርስቲያን ኤይክማን የተባለ ሆላንዳዊ ሐኪም በጃቫ ደሴት በዚህ በሽታ ላይ ምርምር ሲያደርግ፣ ዶሮዎቹ እግራቸው እየዛለ ይወድቁ ጀመር። የሚበሉት ከሆስፒታሉ ወጥ ቤት የተረፈ፣ ገለባው ተፈትጐ የነጣ ሩዝ ነበር። ገለባው ያልተነሣለት ሩዝ ሲሰጣቸው ዳኑ። ኤይክማን በመጀመሪያ በነጩ ሩዝ ውስጥ መርዝ ያለ መስሎት ነበር፤ ባልደረባው ኸሪት ክራይንስ ግን በ1901 እ.ኤ.አ. ነገሩ መርዝ መኖሩ ሳይሆን ከገለባው ጋር የሚጣል አንድ አስፈላጊ ነገር መጉደሉ እንደ ሆነ ገለጸ። ያ ነገር ዛሬ ቪታሚን ቢ1 የምንለው ነው።

ይህ ቪታሚን ከሌለ ስኳሩ መንገድ ላይ ይቀራል፤ ወደ ምጣዱ በሚገባ አይደርስም። ስለዚህ ሩዝ በልቶ የጠገበው ሰው ሕዋሱ ይራባል። ጉዳቱም ቀደም ሲል ያየነውን ሥርዓት ይከተላል፤ ነርቭ ይደነዝዛል፣ እግር ይከዳል፣ ልብ ይደክምና ሰውነት ያብጣል፣ አንጎልም ይታወካል።

፭. ለአገራችን ምን ያስተምረናል?

በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ጽኑ ረኃብ ያየች አገር ልጆች እንደ መሆናችን፣ ከዚህ ጋር የተያያዘ አንድ ነገር ልብ ልንለው ይገባል። ለብዙ ጊዜ የተራበ ሰው ምግብ ሲገኝ ወዲያው እንዲጠግብ መመኘት የርኅራኄ ጠባይ ነው፤ ነገር ግን ሊገድለው ይችላል። ኤ.ቲ.ፒ. የሚሠራው በፎስፌት ጭምር ሲሆን፣ በተራበው ሰው ውስጥ ፎስፌቱም ፖታሲየሙም ቪታሚን ቢ1ም ተመናምኗል። ብዙ ምግብ በድንገት ሲገባ ሕዋሳቱ በደም ውስጥ የቀረችውን ጥቂት ፎስፌት ይሻሙባታል፤ በዚህም ልብና የመተንፈሻ ጡንቻዎች ይደክማሉ። በጽኑ የተጐዳና የታመመ ሕፃን ወደ ሕክምና ሲገባ በመጀመሪያ በ100 ሚሊ ሊትር 75 ካሎሪ ብቻ ያለው ኤፍ-75 የተባለ ወተት በጥቂት በጥቂቱ የሚሰጠው ስለዚህ ነው፤ ብርታት ሲያገኝ ወደሚበልጠው ምግብ ይሸጋገራል። ይህን የማያውቅ ዘመድ «ልጄን አስራቡት» ብሎ ቢቈጣ አይፈረድበትም፤ ማስረዳት ግን የተማረ ሰው ግዴታ ነው።

ከዚህም ሌላ ምጣዱ ራሱ ከልደት ጀምሮ የተሰነጠቀባቸው ሰዎች አሉ። ማይቶኮንድሪያ የራሱ የዘር ጽሑፍ ያለው ሲሆን እርሱም ከእናት ብቻ ይወረሳል፤ በዚህ ጽሑፍ ላይ የሚገኝ ስሕተት በሽታ እንደሚያመጣ በ1988 እ.ኤ.አ. ተረጋገጠ። ከእነዚህ ሕመምተኞች አንዳንዶቹ ሲታዩ ጤነኛ ይመስላሉ፤ ደረጃ ሲወጡ ግን ጡንቻቸው ይዝላል፤ የሌሎቹ ዓይን ወይም ልብ ይደክማል።

በመጨረሻም፣ ድካም ሁሉ በሽታ ነው ማለታችን አይደለም፤ ለፈተና ሳያጠና የተኛ ተማሪ ማይቶኮንድሪያውን ምክንያት እንዲያደርግም አንመክርም። ነገር ግን «አልችልም» የሚለው ቃል ሁልጊዜ ከፈቃድ ማነስ የሚመጣ አለመሆኑን ከዶሮዎቹ ጀምሮ አይተናል። የኤይክማንን ዶሮዎች ሰነፎች ናቸው ብሎ የገረፋቸው ቢኖር ኖሮ አንዲቱም ባልተነሣች ነበር፤ ያስነሣቸው ምን እንደ ጐደላቸው መጠየቁ ነው። እኛም ነገ በየክፍለ ሀገሩ አስተማሪና አስተዳዳሪ ሆነን ስንሰማራ፣ በክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋውን ልጅና በማሳው ዳር የተቀመጠውን ገበሬ ስናይ፣ ከፍርዱ በፊት ይህንኑ ጥያቄ እንድናስቀድም አደራ እንላለን።