እንግዳን ስለ ማስገበር

«ግብር» የሚለው የአማርኛ ቃል ሁለት ነገር ያመለክታል። በአንድ ወገን ባላገር ለመንግሥት የሚያገባው ነው፤ በሌላ ወገን ንጉሥ ወይም መኰንን በአዳራሹ የሚያበላው ማዕድ ነው። ዐፄ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ዘውድ በጫኑበት ዘመን፥ በዚያው ተራራ ላይ በነበረው ቤተ መንግሥታቸው ግብር ሲበላ፥ ጤፉም ማሩም ሰንጋውም የሚመጣው ከባላገሩ ነበር። ይሁን እንጂ ገብቶ ከማዕዱ የተቀመጠውን እንግዳ የበላበትን ዋጋ የሚጠይቀው አልነበረም። ገባሩ ሌላ፥ ተጋባዡ ሌላ ነበረ። ዛሬ ግን ከተራራው ግርጌ በተዘረጋችው ከተማችን፥ በየካም በሌላውም ሰፈር፥ አንዱን ሰው በአንድ ቀን እንግዳም ገባርም የሚያደርግ ልማድ እየገባ ነው። ነገሩ የማዕድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍን ነበር፤ ነገር ግን ከማዕድ አልፎ እስከ ቅዱስ ቍርባን የሚደርስ ጉዳት እንዳለበት አይተናል።

በየካ ክፍለ ከተማ ከእንጦጦ ሰንሰለት ሥር የምትኖር አንዲት እኅት አለች። በወጣትነቷ ከተራራው የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ እየተሸከመች ታወርድ ነበር፤ ጉልበቷ ሲደክም እንጀራ እየጋገረች በመሸጥ ልጆቿን አሳደገች። ስሟን ሳንጠራ ታሪኳን እንድንጽፍ ፈቅዳልናለች። የብዙ ዘመን ወዳጇ የሴት ልጅ ልጇን በ80 ቀኗ ክርስትና ልታስነሣ ድግስ አሰበችና «እትዬ፥ አንቺ ካልመጣሽ ድግሱ ድግስ አይሆንም» ብላ ጠራቻት። እርሷም ደስ ብሏት እሺ አለች። በሦስተኛው ቀን በስልክ «እንጀራውን ካንቺ በቀር ማን ይችልበታል፤ 60 ብቻ ጋግሪልኝ» የሚል መልእክት መጣ፤ ስለ ዋጋው ምንም አልተነሣም። ቀጥሎ ትልቁ ብረት ድስትና መሶቡ ተፈለገ። ከዚያም ወዳጆች ሁሉ ለድንኳንና ለፎቶግራፍ አንሺ ገንዘብ የሚያስገቡበት የባንክ ሒሳብ ቍጥር ተላከ፤ ከቍጥሩም በታች «ከዚህ ያነሰ አይላክ» የሚል ልክ ተጽፎበት ነበር። በዋዜማውም «ወጥ ቤቱን አንቺ ያዥልኝ» ተባለች።

ይህች እኅት ለሁሉም «እሺ» አለች። ጤፉን በዱቤ ወሰደች፥ ገንዘቡን ተበደረች፥ በበዓሉም ቀን ከወጥ ቤት ሳትወጣ፥ ከእንግዶቹም ጋር ሳትቀመጥ ዋለች። ወደ ቤቷ የተመለሰችው ግን ቂም ይዛ ነው። ከዚያ ወዲህ ወዳጇን ላለማየት በቅዳሴ ጊዜ የምትቆምበትን ስፍራ ለወጠች። ቂም ይዞ መቍረብ እንደማይገባ ታውቃለችና አራት ወር ሙሉ ከሥጋ ወደሙ ራቀች። መጀመሪያውኑ ስለምን እሺ እንዳለች ብንጠይቃት «ይሉኝታ ይዞኝ ነው» አለችን።

ወደ ፍርዱ ከመግባታችን በፊት አንባቢ እንዳይሳሳት አንድ ነገር እንለይ። ጎረቤት ለጎረቤቱ ሽንኩርት መላጡ፥ እንጀራ መጋገሩ፥ ድስት ማዋሱ የአገራችን ጌጥ ነው፤ እርሱን የሚነቅፍ ብዕር የለንም። የጽዋ ማኅበርም እንዲሁ ነው። በየወሩ በ12 ቀን ቅዱስ ሚካኤልን፥ በ21 ቀን እመቤታችንን የሚዘክሩ ማኅበርተኞች በየተራቸው ይደግሳሉ። ተረኛው ዳቦውንና ጠላውን፥ ንፍሮውንም እንደ ዐቅሙ ያዘጋጃል፤ ካህኑ ይባርካል፤ ከማዕዱ ለነዳያን ይደርሳል፤ ጽዋውም ለሚቀጥለው ተረኛ ይተላለፋል። በዚህ ሁሉ ውስጥ መስጠት አለ፤ ነገር ግን ሸክሙ በተራ ይዞራል፥ ልኩም በማኅበሩ ፊት የታወቀ ነው። በእድርም ቢሆን ወርኃዊው መዋጮ ለአባላቱ አስቀድሞ የተቈረጠ ነው፤ ድንኳኑና አግዳሚ ወንበሩም የሁሉ ነው። የምንነቅፈው ሌላ ነው፤ ይኸውም አንድ ሰው ከዐቅሙ በላይ የሆነ ድግስ በልቡ ወስኖ፥ የጎደለውን ወዳጆቹን ሳያማክር በእነርሱ ላይ ሲደለድል ነው። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚለው ተረታችን ለእንዲህ ያለው ደጋሽ የተነገረ ይመስለናል።

በእርግጥ በድፍረት መለመን ሁሉ ነውር አይደለም። ጌታችን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 11 በመንፈቀ ሌሊት የወዳጁን ደጅ መትቶ ሦስት እንጀራ እንዲያበድረው ስለ ለመነ ሰው አስተምሮናል። ያ ወዳጅ በሩን ዘግቶ ከልጆቹ ጋር ተኝቷልና ልመናው ድፍረት ያለበት ነው። ነገር ግን ሰውየው የለመነው ለራሱ ክብር አልነበረም፤ ከመንገድ ለደረሰበት እንግዳ ነው። የለመነውም የዚያን ሌሊት የሚበቃውን ነው፤ እርሱንም በብድር እንጂ በስጦታ አላለም። ነቢዩ ናታን ለዳዊት የነገረውን ባለጠጋ ደግሞ በ2ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 12 እናገኘዋለን። እንግዳ ሲመጣበት ከራሱ መንጋ ማረድ ሳሳና የድኻውን ብቸኛ ግልገል ወስዶ አረደ። በእንግዳው ዓይን እጁ የተዘረጋ ሰው መስሎ ታይቶ ይሆናል፤ እንግዳውም በልቶ፥ መርቆ ሄዶ ይሆናል። ሁለቱም ስለ እንግዳ ብለው ከሌላ ሰው ቤት ፈለጉ፤ አንዱ ግን የጎረቤቱን ትርፍ ለመነ፥ ሁለተኛው የጎረቤቱን ጕረሮ ነጠቀ። እንግዲህ የመጣብን ልመና ከየትኛው ወገን እንደ ሆነ ለመለየት፥ የሚለመነው ለማን እንደ ሆነና ከምን ላይ እንደሚነሣ መመርመር ይበቃል። የራበው ሰው ካለ መሶባችን ይከፈት። ለፎቶግራፍ አንሺ ሲባል ግን የሕፃናትን የትምህርት ቤት ገንዘብ ማንሣት ትሩፋት አይደለም።

የጥርን በዓል እናስታውስ። ጥር 12 ቀን ቃና ዘገሊላ ሲከበር የቅዱስ ሚካኤል ታቦት ከጥምቀተ ባሕሩ ወደ መንበሩ ይመለሳል፤ የካ ሚካኤልን የሚያውቅ ሁሉ የዚያን ቀን እልልታ ያውቃል። በዚያ በቃና ሠርግ የወይን ጠጅ ባለቀ ጊዜ ባለ ሠርጉ በእንግዶቹ መካከል እየዞረ አዋጡልኝ እንዳለ አልተጻፈም። ጕድለቱን አይታ ለልጇ የነገረችው እመቤታችን ናት፤ ያደረገችውም ከርኅራኄ የተነሣ ነው። እውነተኛ ወዳጅ ሳይለመን ያያል፤ ባለ ድግሱ ግን ይህን ርኅራኄ እንደ ዕዳ ሊያስከፍል አይችልም።

አባቶቻችንም ይህን ጕዳይ ንቀው አላለፉትም። በ4ኛው መቶ ዓመት በሎዶቅያ የተሰበሰበው ጉባኤ በ55ኛው ቀኖናው፥ ካህናትም ሆኑ ምእመናን ገንዘብ አዋጥተው የመጠጥ ግብዣ እንዳያደርጉ ከልክሏል። በ27ኛው ደግሞ ለፍቅር ማዕድ የተጠሩ ካህናትና ምእመናን ከማዕዱ ድርሻ ይዘው እንዳይሄዱ አዝዟል። እዚህ ላይ ለእኛ ለካህናት የሚሆን ቃል ጣልቃ ብናስገባ አንባቢ ይቅር ይበለን፤ ተጠርተን በሄድንበት ቤት «ለደቀ መዝሙሩ፥ ለቤተ ሰቡም» እያልን የምናስቋጥር፥ የማኅበሩን ተረኛም «ያለፈው ወር የተሻለ ነበር» የምንል እኛው ራሳችን እንግዳ የሚያስገብረውን ሰው ለመገሠጽ አፍ የለንም።

ታዲያ የተለመነው ሰው ምን ይመልስ? በመጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 20 አፍሮ ለወዳጁ ተስፋ የሚሰጥ ሰው ያለ ምክንያት ጠላት አድርጎ እንደሚያስቀረው ተነግሯል። ከዚህ ቃል ይልቅ የየካይቱን እኅት ነገር የሚገልጥ አላገኘንም። ወዳጇን ጠላት ያደረገባት የወዳጇ ድፍረት ብቻ አልነበረም፤ የራሷም ሐሰተኛ «እሺ» ነበረበት። እርሷ በልቧ «አልችልም» እያለች በአፍዋ «እሺ» ስትል፥ ያች ወዳጅ የሰማችው አፏን ነው፤ ልብን የሚመረምር እግዚአብሔር ብቻ ነውና።

ስለዚህ መልሱ እውነተኛ፥ ፈጥኖም የሚነገር ይሁን። በዋዜማ የሚነገር «አልችልም» ባለ ድግሱን ያዋርደዋል፤ በተለመነበት ቀን የተነገረ ግን ሌላ መላ ለመፈለግ ጊዜ ይሰጠዋል። «ታምሜአለሁ» ወይም «መንገድ እሄዳለሁ» ብሎ ማመካኘት ኀጢአትን በኀጢአት መሸፈን ነው። ለሦስተኛ ሰው ማማትም አይገባም፤ በስልክ ለመጣ ጥያቄ እንኳ ቢቻል ቤቱ ድረስ ሄዶ ፊት ለፊት መመለስ ይሻላል፤ በጽሑፍ የተላከ ቃል የተናጋሪውን ፊት አያሳይምና። ቃሉም አጭር ይሁን፤ «እኅቴ፥ ደስታሽ ደስታዬ ነው፤ 20 እንጀራ ከእኔ ይሁንልሽ፥ የቀረውን ግን ዐቅሜ አይፈቅድም» ማለት ይበቃል። የዕዳን ዝርዝር መቍጠር አያስፈልግም። የሚችሉትን አስቀድሞ መናገር መልካም ነው፤ ወዳጅ ከእምቢታው በፊት ስጦታውን ይሰማልና። ይህን ሰምቶ የሚቀየም ሰው ቢኖር በጸሎት እናስበው፤ በሩን ግን አንዝጋበት።

ያች እኅት ከአራት ወር በኋላ የንስሐ አባቷ መክረዋት፥ መባ ይዞ ወንድሙ የተቀየመው መሆኑን ያሰበ ሰው አስቀድሞ ሄዶ ይታረቅ ዘንድ የታዘዘውን የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 አስታውሰዋት ወደ ወዳጇ ቤት ሄደች። ያልጠበቀችውን ነገር አገኘች። ወዳጇም የድንኳኑን ኪራይ ገና ከፍላ አልጨረሰችም ነበር፤ ዘመዶቿ እንዳያሟት ፈርታ ከዐቅሟ በላይ ደግሳ ኖሯል። «ምነው ያን ጊዜ አልነገርሽኝም?» ብላ አለቀሰች። ይሉኝታ ሁለቱንም በየበኩላቸው አስሮ ነበር። የጤፉን ዕዳ ለሁለት ተካፍለው ከፈሉ። በሌላ ወር የወዳጇ የማኅበር ተራ ደርሶ «40 እንጀራ» የሚል መልእክት ሲመጣ እኅታችን ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች፤ ደጁ ላይ ቆማ «20ው የእኔ፥ 20ው በዱቄትሽ» አለቻት። ወዳጇም እየሳቀች ዱቄቱን ልትሰፍር ወደ ጓዳ ገባች።