ፖሊስ ከቀበሌያችን ከወጣ ወዲህ

ጥያቄ፦ የምኖረው ከውጫሌ ራቅ ባለ የአምባሰል ገጠር ነው። የቀበሌያችን ፖሊስ ጸጥታው ሲደፈርስ ከተማ ገብቶ አልተመለሰም። ሰሞኑን ጥንድ በሬዬ ተሰረቀ። ለማን አቤት ልበል?

መልስ፦ የአማራ ክልል ግጭት ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ሲባባስ፣ በብዙ የገጠር ቀበሌዎች የፖሊስ ሥራ ወደ ወረዳ ከተሞች ተሰብስቧል። ጉዳቱ ሌባ ሳይያዝ መቅረቱ ብቻ አይደለም። ተበዳይ አቤት የሚልበት ሲያጣ መሣሪያ ያነሳል፤ የበሬ ጠብ ወደ ደም ይሄዳል። እኔን ይበልጥ የሚያስጨንቀኝ ይህ ነው።

ዛሬውኑ የበሬዎቹን ምልክት ያጽፉ፦ «ዳለቻ፣ ግራ ጆሮው የተበሳ፣ ቀኝ ቀንዱ የጎበጠ» እስከሚል ድረስ። የጠፉበትን ቀንና ሰዓት ይጨምሩ፤ ሁለት ጎረቤት ይፈርሙበት። ቅሬያችሁ (እድራችሁ) ሰው መድቦ የባቲን የሰኞ ገበያ ጨምሮ የከብት ገበያዎችን ይቃኝ። ወረቀቱን መንገድ እንደተከፈተ ለወረዳው ፖሊስ ወይም ለዐቃቤ ሕግ ይስጡ።

ወሎ ሕዝብ ተሰብስቦ ጥፋተኛውን የሚያጣራበት አውጫጭኝም፣ የአገር ሽማግሌዎች የሚያስታርቁበት አባገርም አለው፤ ለስርቆት ይጠቅማሉ። ግድያን፣ አስገድዶ መድፈርንና ጠለፋን ግን በሽምግልና አትዝጉ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ለባህላዊ ዳኝነት የፈቀደው የግልና የቤተሰብ ጉዳይን ነው፤ ያውም ተከራካሪዎቹ ከተስማሙ።

ሌባውን እጅ ከፍንጅ ከያዛችሁት አትደብድቡት፣ አታሰንብቱት። ከ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ጀምሮ ግዴታው ሳይዘገዩ ለፖሊስ ማስረከብ ነው። የያዛችሁበትንም ሰዓት አስመዝግቡ፤ ተያዡ ፍርድ ቤት የሚቀርብበት የ48 ሰዓት ገደብ የጉዞውን ጊዜ አይጨምርም።