በሼርድ ኦውነርሺፕ ቤት ላይ ድርሻ መጨመር፦ ለባለሱቅና ለባለታክሲ

በእንግሊዝ አገር የሼርድ ኦውነርሺፕ ቤት የገዛ ሰው ከቤቱ ዋጋ ከፊሉን ከፍሎ፣ ለቀረው ድርሻ ለሃውሲንግ አሶሲዬሽኑ ኪራይ ይከፍላል። ብዙ ሰው ቁልፉን ከተረከበ በኋላ ውሉን መሳቢያ ውስጥ ከትቶ ይረሳዋል። ነገር ግን ድርሻን ቀስ በቀስ ማሳደግ፣ በእነርሱ አነጋገር «ስቴርኬሲንግ»፣ በውሉ ውስጥ የተጻፈ መብት ነው።

በመጀመሪያ መታወቅ ያለበት፣ ተጨማሪው ድርሻ የሚሸጠው ቤቱ በተገዛበት ዋጋ ሳይሆን በዕለቱ ገበያ መሆኑ ነው። 300,000 ፓውንድ በሚያወጣ ቤት 40 በመቶ ገዝተው ገቡ እንበል። ኪራዩ ካልተገዛው 180,000 ፓውንድ ላይ በዓመት 2.75 በመቶ ቢታሰብ 4,950 ፓውንድ ይሆናል። ቤቱ 340,000 ከደረሰ በኋላ 10 በመቶ ልጨምር ቢሉ የሚከፍሉት 30,000 ሳይሆን 34,000 ነው። ኪራዩ በስድስተኛ እጅ፣ ማለትም በ825 ፓውንድ ይቀንሳል። ሰርቪስ ቻርጁ ግን አይቀንስም፤ ቀድሞውንም ሙሉውን የሚከፍሉት እርስዎ ነዎት።

እዚህ ላይ ቆም ብለው ያስሉ። 34,000ውን በ5 በመቶ ወለድ ቢበደሩ ወለዱ ብቻ በዓመት 1,700 ፓውንድ ነው። ስለዚህ በብድር ድርሻ መጨመር የወር ወጪን ያቀላል ብለው አይጠብቁ፤ ጥቅሙ ኪራዩ በየዓመቱ የሚጨምር መሆኑና ቤቱ ዋጋ ሲያወጣ ድርሻዎ አብሮ ማደጉ ነው። በቁጠባ ከሆነ ሌላ ነገር ነው። የእቁብ ዕጣ ከሆነም መልካም፣ ግን ሶሊሲተሩ የገንዘቡን ምንጭ ስለሚጠይቅ መዋጮዎን በባንክ በኩል ይክፈሉ፤ በእጅ የተቀበሉትን ማስረዳት አስቸጋሪ ነው።

ለግል ሠራተኛ ትልቁ እንቅፋት ሌላ ቦታ ነው። ብዙዎቹ አበዳሪዎች የሁለት ዓመት ሒሳብና ከግብር መሥሪያ ቤቱ የሚገኘውን ኤስ.ኤ. 302 ይጠይቃሉ። ወጪው ተቀናንሶ 14,000 ፓውንድ ትርፍ ያሳየ ባለታክሲ ግብሩ ይቀልለታል፤ ባንኩ ግን የሚያየው ያችኑ 14,000 ነው። እውነተኛ ወጪዎን መቀነስ መብትዎ ነውና አይተዉት። ከመዝገብ ውጪ የቀረ የጥሬ ገንዘብ ሽያጭ ግን፣ ወንጀልነቱ ሳይነሳ፣ በባንክ ፊት እንዳልነበረ ይቆጠራል። እንግዲህ ከሁለት ዓመት በኋላ ድርሻ ለመጨመር ያሰበ ባለሱቅ ዝግጅቱን የሚጀምረው ዛሬ ማታ ካዝናውን ሲዘጋ ነው። የዕቃ መግዣውን ገንዘብ አውጥቶ ድርሻ መግዛትን ግን እኔ አልመክርም፤ መደርደሪያው ባዶ ከሆነ ሞርጌጁን ማን ይከፍላል?

ውልዎን አውጥተው ይመልከቱ። በቀድሞዎቹ ውሎች ዝቅተኛው ጭማሪ አብዛኛውን ጊዜ 10 በመቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው አዲሱ የውል ዓይነት 5 በመቶ ሲሆን፣ ለመጀመሪያዎቹ 15 ዓመታትም በየዓመቱ 1 በመቶ መግዛት ይቻላል። ለዚህች 1 በመቶ ዋጋው በቤት ዋጋ ኢንዴክስ ስለሚሰላ ሰርቬየር መክፈል አያስፈልግም፤ በምሳሌያችን ቤት 3,400 ፓውንድ አካባቢ ነው። ቤቱን ሲገዙ የቴምብር ቀረጡን በሙሉ ዋጋው ላይ ካልከፈሉ ደግሞ፣ ድርሻዎ ከ80 በመቶ ሲያልፍ ሊጠየቁ ስለሚችሉ ሶሊሲተርዎን ቀድመው ይጠይቁ።

ለትልቁ ጭማሪ የሰርቬየሩ ግምት አብዛኛውን ጊዜ የሚያገለግለው ለሦስት ወር ብቻ ነው። ጊዜው ካለፈ እንደገና ይከፍላሉ። ስለዚህ ሰርቬየሩን የሚጠሩት ባንኩ ምን ያህል እንደሚያበድርዎ ካረጋገጡ በኋላ ይሁን።