ያዩትንና የገመቱትን ለይቶ መጻፍ

የፎቶግራፍ ዐውደ ርእይ ተመልክታችሁ ድርሰት ስትጽፉ፣ ዐይናችሁ ያየውን «ነው» በሚለው፣ ልባችሁ የገመተውን ደግሞ «ይመስላል» በሚለው ማሰሪያ አንቀጽ ለዩ።

ምሳሌ፦ አልፍሬድ ስቲግሊትስ እ.ኤ.አ. በ1907 አንሥቶ በ1913 በኒው ዮርክ ከተማ «291» በተባለችው አነስተኛ የሥዕል ማሳያው ያቀረበው ፎቶግራፍ በመርከብ ላይ የተፋፈጉ መንገደኞችን ያሳያል። ብዙ ተመልካቾች «ወደ አሜሪካ የሚገቡ ስደተኞች ናቸው» ሲሉ ደምድመዋል። መርከቡ ግን ይጓዝ የነበረው ከአሜሪካ ወደ አውሮፓ ነበር። «ስደተኞች ይመስላሉ» ቢሉ ኖሮ ባልተሳሳቱ ነበር።

በፎቶግራፍ ላይ ያለ ሰው የጻፋችሁትን ሊያርም አይችልም። ስለዚህ በማሰሪያው ተጠንቀቁለት።

መልመጃ፦ አንድ ፎቶግራፍ ተመልክታችሁ ሦስት ዐረፍተ ነገሮችን በ«ነው»፣ ሁለቱን በ«ይመስላል» እየቋጫችሁ ጻፉ።