ሐዲድ የወለዳት ከተማ

በታሪክ ትምህርታችን የነገሥታት መቀመጫ ስለ ነበሩት ስለ አክሱምና ስለ ጎንደር ብዙ ተምረናል። የምንኖርባትን አዳማን ግን የወለዳት ቤተ መንግሥት ሳይሆን ምድር ባቡር ነው። ስለዚህ ባቡር ከተማን እንዴት እንደሚወልድ፣ የተወለደችውም ከተማ በምን ጸንታ እንደምትቆም በአጭሩ ለመግለጽ አስቤአለሁ።

ዳግማዊ ምኒልክ የባቡሩ መንገድ እንዲሠራ ለስዊሱ ተወላጅ ለአልፍሬድ ኢልግ የፈቀዱት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ከሐረር ተራራ በታች ካለው ሜዳ ደረሰ። ባቡሩ ተራራውን መውጣት ስላልተቻለው ከተማው እዚያው ሜዳ ላይ ተቈረቈረ፤ እርሱም ድሬዳዋ ነው። ከዚያም ኩባንያው ገንዘብ ስላጠረው ሥራው ለዓመታት ተቋረጠ። እንደገና ተጀምሮ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ሲሆን፣ የመንገዱ ርዝመት 784 ኪሎ ሜትር ነበር።

ሐዲዱ ከአዋሽ ጣቢያ ተነሥቶ አዳማ እስኪደርስ ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል። ቦታው አስቀድሞ የኦሮሞ ከብት አርቢዎች ግጦሽ ነበር፤ ስሙም በኦሮምኛ ቁልቋል ከሚለው ቃል እንደ መጣ ይነገራል። የእንፋሎት ባቡር ያለ ውሃና ያለ ማገዶ አይሄድም፤ ስለዚህ በየመንገዱ ማረፊያ ያስፈልገዋል። ባቡር ባረፈበትም ተሸካሚው፣ እህል ነጋዴው፣ ምግብ ሻጩና አልጋ አከራዩ ይሰበሰባሉ።

ነገር ግን ጣቢያ ሁሉ ከተማ ሆኖ አይቀርም። ለዚህም የአሜሪካ ምዕራብ ጥሩ ምሳሌ ነው። ዩኒየን ፓስፊክ የተባለው ኩባንያ ሐዲድ ሲዘረጋ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1867 ሻየን፣ በ1868 ደግሞ ቤንተን የተባሉ ከተሞች በዋዮሚንግ ተቋቋሙ። በቤንተን ውሃ ስላልነበረ ሰዎቹ ከሩቅ ወንዝ እያስመጡ ይጠጡ ነበር፤ ሐዲዱ ወደ ፊት ሲገፋም ከተማው በጥቂት ወራት ውስጥ ጠፋ። ሻየን ግን ዛሬ የግዛቱ ዋና ከተማ ነው።

አዳማን ያጸናት ምንድን ነው? የአርሲ እህል የሚወርድበት መንገድ ከሐዲዱ ጋር የተገናኘው በእርሷ ነው። በ1946 ዓ.ም. የወንጂ ስኳር ፋብሪካ፣ በ1952 ዓ.ም. የቆቃ የውሃ ኃይል ማመንጫ በአቅራቢያዋ ሥራ ጀመሩ። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ናዝሬት ተብላ ቈይታ የቀድሞ ስሟን መልሳለች። አሮጌው ባቡር አገልግሎቱን ሲያቆም ከተማዪቱ አልጠፋችም፤ እንዲያውም እየሰፋች ሄደች። በ2009 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ የባቡር መስመር ተመረቀ።

እንግዲህ ሐዲድ ከተማን ይወልዳል፤ የሚያሳድጋት ግን የሰው ሥራ ነው። ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፣ በአሮጌው ባቡር ያገለገሉ አባቶችና በጣቢያው ደጅ ሲነግዱ የኖሩ እናቶች ዛሬም በየሰፈራችን አሉ። የእነርሱ ታሪክ በመጽሐፍ ገና አልተሟላም። እነርሱ ሳያልፉ ጠይቀን ብንጽፈው፣ ከእኛ በኋላ የሚመጡት ተማሪዎች ስለ አዳማ የሚያነቡት ያገኛሉ።