«ያድግበታል» የማይባልበት ጫማ፦ ስለ መጀመሪያው የፑዋንት ጫማ አመራረጥና አለካክ



ለልጅ ጫማ ሲገዛ አንድ ቁጥር ከፍ ማድረግ በየቤታችን የተለመደ ነው። «ግድ የለም፣ ያድግበታል» ይባላል። ጫፉ ላይ ጨርቅ ወይም ወረቀት ይጠቀጠቅና ዓመቱ ይገፋል። በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጫማ ግን ይህን ብልሃት ፈጽሞ አይቀበልም። ይኸውም የባሌት ተማሪ በእግር ጣቶቿ ጫፍ ላይ የምትቆምበት የፑዋንት ጫማ ነው። ፑዋንት ከፈረንሳይኛ የመጣ ቃል ሲሆን ጫፍ ማለት ነው።

«ባሌትን ከእኛ ጋር ምን አገናኘው?» የሚል ጓደኛ አይጠፋም። እውነት ነው፣ ከእኛ መካከል ይህን ጫማ ለተማሪ የሚመርጥ ቢገኝ ጥቂት ነው። የእኛ እስክስታም ጉልበቱ ትከሻ ላይ እንጂ ጣት ጫፍ ላይ አይደለም። ይሁን እንጂ በሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት ስለ ልጆች አጥንትና ጡንቻ እድገት የምንማር እጩ መምህራን ነን። አንድ መሣሪያ ለልጁ የዛሬ አቅም ሳይለካ ቢሰጠው ምን እንደሚያስከትል ይህ ጫማ አጉልቶ ስለሚያሳይ መርጠነዋል።

ሀ/ ጫማው ምንድን ነው?

ማሪ ታሊዮኒ የተባለችው ተወዛዋዥ እ.ኤ.አ. በ1832 በፓሪስ ኦፔራ «ላ ሲልፊድ» በተባለው ባሌት ላይ በጣቶቿ ጫፍ ቆማ ስትወዛወዝ ተመልካቹን አስደነቀች። በጣት ጫፍ መቆምን የጀመረችው እሷ አይደለችም፤ ከእሷ በፊትም ነበር። የእሷ ድርሻ ነገሩን ከትርኢት ማድመቂያነት አውጥታ የጥበብ መግለጫ ማድረጓ ነው። ያደረገችው ጫማ ዛሬ የምናውቀው ጠንካራ ጫማ አልነበረም። ጫፉ በክር የተጠቀጠቀ ለስላሳ የሳቲን ጫማ ነበር። ስለዚህ የሚያቆማት በአብዛኛው የራሷ ጡንቻ ነበር ማለት ነው። ጫፉ የጠነከረው ጫማ የዳበረው ከዚያ በኋላ፣ በተለይ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ገደማ ነው።

ዛሬ በእጅ የሚሠራው የተለመደው ጫማ ከውጭ ሳቲን ይለብሳል። ጣቶችን የሚይዘው ጫፍ ሣጥን ይባላል፤ የሚሠራውም ጨርቅና ወረቀት በማጣበቂያ ተደራርቦ ከደረቀ በኋላ ነው። ከእግር ሥር በርዝመቱ የሚዘረጋ ጠንካራ መደገፊያ አለው። እሱም ከቆዳ፣ ከካርቶን ወይም ከመሳሰለው ነገር ይሠራል። ብዙዎቹ ጫማዎች ግራና ቀኝ የላቸውም፤ ተማሪዋ ራሷ ለይታ ምልክት ታደርግባቸዋለች።

ታዲያ ጫማው ምን ይሠራል? ሣጥኑ ጣቶችን ከዙሪያው ጥብቅ አድርጎ ይይዛል፤ መደገፊያው ደግሞ ከእግር ሥር ይደግፋል። በዚህ ዓይነት የሰውነት ክብደት በሙሉ በጣቶቹ ጫፍ ላይ ብቻ እንዳይወድቅ ይከፋፈላል። ጫማው ሰፊ ከሆነ ግን እግሩ ወደ ታች ይሰምጥና ክብደቱ አውራ ጣት ላይ ይወድቃል። «ያድግበታል» የማይሠራው እንግዲህ በዚህ ምክንያት ነው።

ለ/ መቼ ይሰጥ?

ከቁጥሩ በፊት የሚመጣ ጥያቄ አለ፦ ልጅቱ ደርሳለች ወይ? አንድ የሰው እግር 26 አጥንቶች አሉት። በልጅነት በእነዚህ አጥንቶች ላይ ገና ወደ ጠንካራ አጥንት ያልተለወጡ የእድገት ቦታዎች ይገኛሉ። ጡንቻው ሳይጠነክር በጣት ጫፍ ማቆም እግርን፣ ቁርጭምጭሚትን፣ አልፎም ጉልበትንና ወገብን ለጉዳት ያጋልጣል።

በዓለም አቀፉ የዳንስ ሕክምናና ሳይንስ ማኅበር ስም እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው መመሪያ ከ12 ዓመት በፊት እንዳይጀመር ይመክራል። በሳምንት 1 ጊዜ ብቻ የምትማር ልጅ እንዳትጀምር፣ በሳምንት 2 ጊዜ የምትማርና ሌላ እንቅፋት የሌለባት ደግሞ በ4ኛው የሥልጠና ዓመቷ እንድትጀምር ያሳስባል። ተማሪዎችን መርጠው በየቀኑ የሚያሠለጥኑ የሙያ ትምህርት ቤቶች ቀደም ሊሉ ይችላሉ። እንግዲህ ዕድሜ ብቻውን መልስ አይሆንም ማለት ነው። መምህሩ አካሏን ማየት አለበት። ለምሳሌ ያህል፦

1. ልጅቱ ተቀምጣ እግሯን ትዘረጋለች፤ ጣቶቿንም ወደ ፊት ትሾላለች። ከቁርጭምጭሚቷ በላይ በኩል እርሳስ ይጋደማል። እርሳሱ ከቅልጥሟ እስከ እግሯ ጀርባ ቀጥ ብሎ ከተኛ፣ ቁርጭምጭሚቷ በጣት ጫፍ ለመቆም የሚበቃ መተጣጠፍ አለው ማለት ነው። እርሳሱ ከተንጋደደ ግን ጫማው ይቆይ።

2. በአንድ እግሯ ቆማ፣ ደረቷን ወደ ፊት አጎንብሳ፣ ሌላውን እግሯን ወደ ኋላ ዘርግታ እንደ አውሮፕላን ትሆናለች። በዚያ ሁኔታ የቆመችበትን ጉልበት 5 ጊዜ አጥፋ ትዘረጋለች። ቢያንስ 4ቱን ጊዜ ዳሌዋ ሳይዘም፣ ጉልበቷም ወደ ውስጥ ሳይገባ ከሠራች ጥሩ ነው።

እዚህ ላይ መምህሩን የሚፈትን ነገር አለ። ጫማው ያምራል። ጓደኛዋ ከተሰጣት እሷም ትፈልጋለች፤ እናትም «ልጄ ለምን ወደ ኋላ ትቀራለች?» ትላለች። ጫማውን እንደ ሽልማት ቆጥሮ ለሁሉም በአንድ ቀን ማደል ቀላል ነው። ነገር ግን ይህ ሽልማት አይደለም፤ ለደረሰ እግር የሚሰጥ መሣሪያ ነው። ላልደረሰችው «ገና ነው» ብሎ ዝም ማለትም አይበቃም። ምን እንደሚቀራት ለይቶ ነግሮ የምትጠነክርበትን ልምምድ መስጠት የመምህሩ ሥራ ነው።

ሐ/ እንዴት ይለካል?

የመጀመሪያው ጫማ በሰው እጅ ተልኮ አይገዛም፤ ልጅቱ ራሷ መገኘት አለባት። ከተቻለ መምህሯ ወይም በሙያው የሠለጠነ ለኪ አብሮ ይሁን። የዘወትር ጫማዋ ቁጥር እምብዛም አይረዳም፤ የአንዱ ሠሪ ቁጥር ከሌላው አይገጥምምና። ጥፍሯን ቀጥ አድርጋ ትቁረጥ። ለውዝዋዜ የምትለብሰውን ታይትና ጣቷን የምትሸፍንበትን ስስ ልባስ ይዛ ትሂድ። ያለ ልባስ ተለክቶ በኋላ ልባስ ቢጨመር ልኩ ይበላሻልና።

በቅድሚያ ባዶ እግር ይታያል። አውራ ጣቷ ረዝሞ ሌሎቹ እየተከታተሉ የሚያጥሩባት ልጅ ወደ ጫፉ ጠበብ የሚል ሣጥን ይስማማታል። ጣቶቿ እኩል የሆኑባት ልጅ ግን ጫፉ ሰፋ ያለ ሣጥን ያስፈልጋታል። ከዚያ በኋላ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦

1. በሙሉ እግር መቆም። ጣቶቹ ተዘርግተው የሣጥኑን ጫፍ ይንኩ እንጂ አይታጠፉ፣ አይደራረቡ።

2. ተረከዝ ሳይነሣ ጉልበትን በመጠኑ ማጠፍ። በዚህ ጊዜ እግር ይረዝማል፤ ጣቶቹም ጫፉን ጠበቅ አድርገው ይነካሉ። መጥበቁ ይጠበቃል። የሚወጋ ሕመም ካለ ግን ጫማው ይቀየር።

3. ስፋቱን መመርመር። በሣጥኑ አፍና በእግሯ መካከል ጣት እንደ ልብ የሚገባ ከሆነ ጫማው ሰፍቷል።

4. የሣጥኑን የላይኛውን ሽፋን ማየት። የጣቶቹን መነሻ መገጣጠሚያ መሸፈን አለበት። ካጠረ እግሯ ወደ ፊት ይፈስሳል፤ ከረዘመ በጣቶቿ ጫፍ ላይ በደንብ መውጣት ያቅታታል።

5. የሚይዛት ሰው ወይም መደገፊያ ባለበት በጣት ጫፍ መቆም። ያን ጊዜ ተረከዙ ላይ በጣት ቆንጠጥ የሚደረግ ትንሽ ጨርቅ መትረፉ ደግ ነው። ብዙ ከተረፈ ጫማው ረዝሟል። መደገፊያው ከእግሯ ሥር ሳይሸሽና ሳይጣመም መያዙም ይታይ።

6. ልጅቱን መጠየቅ። «ደህና ነው?» ብቻ ሲባል ጫማውን እንዳታጣ ሰግታ «አዎ» ማለቷ አይቀርም። ስለዚህ «አውራ ጣትሽ ብቻውን ተጫነ ወይስ ሁሉም እኩል ናቸው? ወደ ታች ሰመጥሽ ወይ?» ብሎ ለይቶ መጠየቅ ይሻላል።

መ/ ከተገዛ በኋላ

ሪባኑንና ላስቲኩን ብዙ ጊዜ ልጅቱ ራሷ ትሰፋለች። የጫማው ተረከዝ ወደ ውስጥ ሲታጠፍ የሚወጣው መስመር የስፌቱን ቦታ ያመለክታል። የሪባኑ ቋጠሮ የተረከዙን ጅማት እንዳይጫን በቁርጭምጭሚቱ በውስጥ በኩል ይሁን። የመጀመሪያዎቹ ልምምዶች ከክፍለ ጊዜው መጨረሻ ላይ፣ ሰውነቷ ከሞቀ በኋላ፣ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ይደረጋሉ። ያውም በሁለት እጅ መደገፊያ ብረቱን ወይም እንጨቱን ይዛ፣ በሁለቱም እግሯ ነው። ከልምምድ በኋላ ጫማው በቦርሳ ታፍኖ አይቀመጥ፤ ላብ ማጣበቂያውን ስለሚያለሰልሰው ነፋስ ያግኘው።

ልጅ ታድጋለች። ስለዚህ መምህሩ ልኩን በየጊዜው ደግሞ ደጋግሞ ማየት ይኖርበታል። የጠበበ፣ ወይም ሣጥኑ የለሰለሰና መደገፊያው የላላ ጫማ፣ ሳቲኑ ገና ቢያብረቀርቅም መጣል አለበት። ወጪው ለወላጅ ከባድ ነው። ይህን ከመጀመሪያው ቀን አስረድቶ መነጋገር እንጂ ሰፊ ጫማ መግዛት መፍትሔ አይሆንም።

ሠ/ ማጠቃለያ

የፑዋንት ጫማ የሚለካው ልጅቱ ለዓመት በሚኖራት እግር ሳይሆን ዛሬ ባላት እግር ነው። እኛም ነገ ክፍል ስንገባ አንዱ ተማሪ የደረሰበት ላይ ሌላው አልደረሰ ይሆናል። «ቆይቶ ይገባዋል» ብለን ለሁሉም አንድ ዓይነት ሸክም ከማሸከማችን በፊት፣ ጎንበስ ብሎ እግር እንደሚያይ ለኪ እያንዳንዱን ልጅ እንመርምር።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ዕድሜ ብቻውን ጫማውን ለመስጠት የማይበቃው ለምንድን ነው?
2. ከጓደኞቿ ተለይታ «ገና ነሽ» የተባለች ተማሪ ሞራሏ እንዳይነካ መምህሩ ምን ማድረግ ይችላል?
3. በምናስተምረው የትምህርት ዓይነት ውስጥ «ያድግበታል» እያልን ያለ ጊዜው የምንሰጠው ነገር ይኖር ይሆን?